መብራት ሄደ ብለን የተቀመጥን ቀን

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ሱቁ የእናቷ ነው፣ የልጄ። ጀሞ፣ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ጉርድ ፎቶ ይነሳባታል፣ ፎቶ ኮፒ ይደረግባታል፣ ማመልከቻ ይጻፍባታል። እኔ ቤት ለብቻዬ ከምውል ብዬ በሩ ጋ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ሲመጣ ግቡ እላለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ደጅ ያለውን ማስታወቂያ አስገባለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው።

ከበሩ ወረድ ብሎ፣ እዚያው የሕንጻው ጥላ ሥር፣ ጎረቤቴ ጉሊት ነበራት። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ትሸጣለች። ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብላ ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ ቆየ። ያለቻት አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷም ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት የእድራችን ዳኛ ወደ ሱቁ ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። እሳቸው ቀልድ የማያጡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ሰላምታም በወጉ አልሰጡንም።

"ልጅቷ ዐርፋለች" አሉን።

ልጄ "የቷ ልጅ?" አለች፣ ገብቷት እያለ።

በአገጫቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ጉሊቱ አመለከቱን። እዚያ አብራት የምትሠራ ልጅ እዚህ ላለ ዘመዷ ደውላ ነው የተሰማው። ታማ ነው አሉ፤ ምን ታማ እንደሆነ አላወቁም። እናቲቱ አልሰማችም። "ነገ ሲነጋጋ እንነግራታለን" አሉ። "የነፍስ አባቷም ይመጣሉ። ድንኳኑን ያኔ እንተክላለን። እስከዚያ አደራ፣ ከአፋችሁ እንዳትወጣ።"

መርዶ እንደዚህ ነው። ሰው ጉሊቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሚዛን በእጁ ይዞ አይረዳም። ማታውን እህል ቀምሶ፣ ተኝቶ አድሮ፣ የሚይዘው የሚደግፈው ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው የሚነገረው። እኔም የአባቴን ሞት የተረዳሁት እንዲያ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ አንድ ቀን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ያኔ ተቀይሜ ነበር። ሲቆይ ግን ያቺ ቀን የሰጡኝ ስጦታ እንደሆነች ገባኝ።

ዳኛው ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው፣ "አስከሬኑ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። ፎቶዋን በትልቁ አውጪልን። እናት የምታለቅስበት ነገር ያስፈልጋታል" አሏት ልጄን።

እውነታቸውን ነው። ሬሳም ፎቶም የሌለበት ለቅሶ አይቻለሁ፤ ሰው የሚያየው ያጣል። አልቃሿ ወዴት ዞራ እንደምታለቅስ ግራ ይገባታል።

ጎረቤቴ ቤት ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ የለም። ስልኳ ላይ ያሉት ልጅቷ የላከቻቸው ናቸው፤ ስልኩን ደግሞ ማን ከእጇ ይወስደዋል? ልጄ ግን አስታወሰች። ልጅቷ ልትሄድ ስትል የፓስፖርት ፎቶ የተነሳችው እኛ ጋ ነው። እኔም ነበርኩ። "ለፓስፖርት አይሳቅም" ስትባል ይባስ ብሎባት፣ አፏን በእጇ ይዛ ስትስቅ እኛንም አሳቀችን። ልጄ መጀመሪያ ያነሳቻት እየሳቀች ነው፤ ያ አይሆንም ተብሎ ሁለተኛ ተነሳች። ያ የሳቀችበት ግን ከኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ያለውም እዚያ ብቻ ነው።

ልጄ ፈለገችና አገኘችው። ስክሪኑን ሞልታ መጣች ልጅቷ። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ልጄ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች መሥራት ጀመረች፤ ከጀርባዋ ያለውን መጋረጃ ታጠፋለች፣ ጥላውን ታስተካክላለች። እኔ በርጩማዬን ወደ በሩ መሀል ሳብኩና እንደ ዘብ ተቀመጥኩ።

ብዙም አልቆየ፤ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ ብቅ አለች። ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው ሁልጊዜ እኛ ጋ ነው። ልጅቷ ከደወለች ጠፍቶ እንዳይጠብቃት ከእጇ አይለይም። እኔ ተነስቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ይሄ የማይታዘዘኝ ጉልበቴ ያን ቀን ፈጠነልኝ።

"ምነው እትዬ፣ በር ላይ ተገተርሽብኝ? ጥበቃ ቀጠሩሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው።"

"ደመወዙ ጥሩ ከሆነ ለኔም ንገሪኝ" አለችና በትከሻዬ በኩል አጮልቃ ወደ ውስጥ አየች።

በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ስክሪኑ ጥቁር ብሏል። ያ ቀኑን ሙሉ እፍ እፍ ሲል የሚውለው የኮምፒውተሩ ማራገቢያም ዝም ብሏል።

"መብራት ሄደ" አለች ልጄ።

በሆዴ እመቤቴ ማርያምን አመሰገንኩ። ጋረደችልን አልኩ።

እኛ ሰፈር መብራት ሄደ ከተባለ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ልጄ እንደ ልማዷ ተነስታ ሶኬቱን ሁሉ ነቀለች፤ የኮምፒውተሩን፣ የፎቶ ኮፒውን፣ የማተሚያውን። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ በርትቶ ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። ከዚያ መቀመጥ ነው። ፀሐይ በበሩ ሞልታ ስለምትገባ ቀን ቀን አምፖል አናበራም። እና ተቀመጥን። መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ሰው "መብራት የለም" አልነው፣ እሺ ብሎ ሄደ። እሱም አልጠየቀ።

ጎረቤቴም ወደ ጉሊቷ አልተመለሰችም። ገብታ የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ከጥቁሩ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀመጠች። "ፀሐዩ በረታብኝ" አለች። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸዋለች።

"ሲመጣ እዚያው ላይ ይመጣል?" አለች ቆይታ።

"ምኑ እትዬ?" አለች ልጄ።

"ያ ስትሠሪው የነበረው።"

"አይ፣ እንደገና ይከፈታል።"

"እህ" አለች።

እኔ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራሁ። ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራሁ። ያ ሁሉ ወሬ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ልጄ ቀና ብላ አታይም። ቀኑ እየሄደ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ከወጣም በኋላ ፍሬም ይገባል።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ተነሳች። ማንንም ሳትጠይቅ የስልኳን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ስልኩ ድንግ ብሎ በራ።

"መብራት አለ እኮ" አለች።

ልጄ አላመነችም። ሄዳ የአምፖሉን ማብሪያ ተጫነችው፤ በራ። አጠፋችው፣ ደግማ አበራችው። ያን ሁሉ ጊዜ መብራት እያለ መብራት እየጠበቅን ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ለወር የሚበቃ ሳቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀ።

ጎረቤቴ ስልኳ ትንሽ እንዲሞላ እንኳ አልጠበቀችም። እዚያው ግድግዳው ጋ ጎንበስ እንዳለች ደወለች። እኔና ልጄ ተያየን። ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች፣ ደግማ ደወለች፣ ቆየች።

"አታነሳም" አለች።

"ሥራ ላይ ትሆናለቻ" አልኳት።

"አዎ፣ ሥራ ላይ ናት" አለች፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ልጄ አሁን መብራቱን ትታ ወደ ዕቃው ዞረች። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን መልሳ ሰካችውና ማስነሻውን ተጫነችው። ዝም። ሌላ ሶኬት ላይ ሰካችው፤ ዝም። የኃይሉን መውጣት መውረድ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አለን፤ እሱን አልፋ በቀጥታ ከግድግዳ ሰካችው፤ ያው ዝም። ከዚያ ገመዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የማተሚያውን ገመድ ነቅላ ሞከረች፤ አንድ ዓይነት ናቸውና ይገባል። እሱም አልረዳም። ሲፒዩ የሚሉት ጥቁሩን ሳጥን አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፣ ለኔም አሸተተችኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

"ለቡ ላለው ሰውዬ ልደውል" አለች።

ሰውዬው ለቡ ትንሽ ቤት አለችው፤ ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም ይሠራል። የደቡብ ሰው ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ ከኔ ጋር ስንገናኝ ሁልጊዜ እንቀላለዳለን። ልጄ ምን ብላ እንደለመነችው እንጃ፣ ታክሲ ይዞ ቶሎ መጣ።

"እማማ፣ ማርያም ፈቀደች መጣሁ" አለኝ ገና ከበሩ።

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እሷን የምትጠራ?"

"ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ጌታ ይበቃኛል።"

በእጄ ወደ ዕቃው አመለከትኩት። ከዚያ ካቻቢቴውን አውጥቶ ሳጥኑን መፍታት ጀመረ። ክዳኑ ሲነሳ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ይታያል።

"ምን ቢቸኩል ነው እንዲህ ያስሮጣችሁኝ? ምን አለበት?" አለ ድምፁን ሳይቀንስ።

ልጄ ጎረቤቴን አየቻት። "የሠርግ ፎቶ ነው" አለች።

ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እንዲያው አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው። ጎረቤቴ ግን ቀና አለች።

"የሠርግ ነው?" አለች።

"አዎ እትዬ።"

"እግዚአብሔር ይባርክላቸው" አለች። ረጋ ብላ ነው ያለችው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰውዬው በዕቃው ጥግ ያለች ግራጫ ሣጥን አሳየን። ፓወር ሰፕላይ ነው የሚሏት። ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብላ፣ ለክታ ለውስጡ ዕቃ ሁሉ የምታድለው እሷ ናት አለ። ከሷ የሚወጣውን ወፍራም የሽቦ እስር ነቀለው። ከልጄ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት የሚያያዝበትን አግራፍ አንስቶ አቃናውና እንደ ቆልማማ መርፌ አደረገው። አንዱን ጫፍ አረንጓዴው ሽቦ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ከተተ፣ ሌላውን ጥቁሩ ጋ።

"አሁን ሰክቼው ማራገቢያው ከዞረ እሷ ደኅና ናት፣ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ካልዞረ ራሷ ናት" አለ።

ሰካው። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ማራገቢያው አልዞረም። አግራፉን አውጥቶ ደግሞ አስገባ። ምንም።

"ሞታለች" አለ።

ልጄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ጎረቤቴ ማየት ፈራሁ። ሰውዬው ምንም አያውቅ፣ ሥራው ላይ እንዳጎነበሰ ቀጠለ። "ብቻዋን ከሞተች እሰየው ነው። አንዳንዷ ስትሞት ግን ሌላውንም ይዛ ትሄዳለች። ፎቶ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ነክታው ከሆነ ግን እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።"

"መቼ ነው የሚታወቀው?" አለች ጎረቤቴ።

ሁላችንም ወደሷ ዞርን።

"ሌላ ፓወር ሰፕላይ ስገጥምለት ነው የሚታወቀው" አላት። "ይዤ መጥቻለሁ፣ ያገለገለ ነው ግን ደኅና ነው።"

"ቀስ ብለህ ሥራው" አለችው። "አትቸኩል።"

እኔ ያን ጊዜ ለሰው ሠርግ አዝና ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ጎረቤቴ እንደዚህ ናት፤ የሌላው ደስታ እንዳይበላሽ ትሳሳለች አልኩ።

ሰውዬው የሞተችውን ፈታ፣ የራሱን ገጠመ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነካካ ወደየቦታቸው መለሰ። ሊሰካው ሲል ነቃሁ። ይኼ ነገር ከተነሳ፣ ልጄ ፎቶውን ስትከፍት ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ትመጣለች። እናቷ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

"ነይ እስቲ፣ ሽንኩርት መዝኚልኝ" አልኳት።

"አሁን?"

"ለምሳ ነዋ። ያ ቀይ ቀዩን።"

ተነሳች፤ አልተከራከረችኝም። ስልኳን ነቀለችና ወጣን። ጉሊቷ ጋ ተቀምጣ ሽንኩርት መምረጥ ጀመረች። እኔ ፊቷን ወደ እኔ እንድታደርግ ከበሩ ተቃራኒ ቆምኩ። ጆሮዬ ግን ሱቁ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ማራገቢያው እፍ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ሰውዬው የሆነ ነገር አለ፤ ልጄ "እስቲ ጠብቅ" አለች። ጎረቤቴ ሽንኩርቱን ታነሳለች፣ ትልጣለች፣ ትጥላለች፣ ሌላ ታነሳለች። ሚዛኑ ላይ ግን አንዱንም አላስቀመጠችም።

"ዛሬ ሽንኩርትሽን ልጠሽ ጨርሰሽ ልትሸጭልኝ ነው?" አልኳት፣ ዝምታውን ፈርቼ።

"ደረቅ ደረቁን ልስጥሽ ብዬ ነው" አለች።

ከዚያ ማተሚያው ወረቀት ሲስብ ተሰማ። ትልቅ ወረቀት ሲስብ ድምፁ ይለያል፤ እያቃሰተ ነው የሚስበው። ይይዘዋል ይለቀዋል፣ ይይዘዋል ይለቀዋል። ጎረቤቴ እጇ ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ማተሚያው እስኪጨርስ ድረስ አላንቀሳቀሰችውም።

"ወጣላቸው" አለች።

"ምኑ?"

"ፎቶው።"

ከዚያ ሽንኩርቱን መዘነችልኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሳን። ልጄ ፎቶውን ፍሬም አስገብታ በጋቢ ጠቅልላዋለች። የእድሩ ዳኛ፣ የነፍስ አባቷ፣ ከብሎካችን ሴቶች እኔና ሌሎችም ሆነን ደረጃውን በዝግታ ወጣን። መርዶ ነጋሪ በር ሲያንኳኳ ቤተኛው ደንግጦ ከእንቅልፉ ነው የሚነሳው። እሷ ግን ገና ሳናንኳኳ ከፈተችልን። ቤቱ ተጠርጎ፣ ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ወንበሮቹ ጥግ ተደርገው አገኘናቸው። ነጠላዋን ለኀዘን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለብሳለች።

አባ ቆመው ቀሩ። መርዶ ዙሪያ ጥምጥም አለው፤ በሰላምታ ተጀምሮ፣ በእግዚአብሔር ሥራ ተዙሮ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚደረስበት። እሳቸውም እንዲያው "እንዴት አደርሽ ልጄ፣ የሰው ልጅ እንግዲህ በዚህ ዓለም…" ብለው ጀመሩ።

"ይንገሩኝ አባ" አለች። "ዛሬን አያዙሩብኝ።"

"ማን ነገረሽ?" አሉ ዳኛው፣ እኔን ዞር ብለው እያዩ።

"ማንም አልነገረኝ። ለዚህ ነው ንገሩኝ የምለው። ሳትነግሩኝ ማልቀስ አልችልም።"

አባ ነገሯት። በአጭሩ ነው የነገሯት፤ ስሟን ጠርተው፣ ዐርፋለች ብለው። ያኔ ነው ድምፅዋ የወጣ። ሴቶቹ ከግራና ቀኝ ያዝናት። ልጄ ጋቢውን ገለጠችና ፎቶውን ከፊቷ አቆመችላት። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልችልበትም።

ሰዉ በረድ ባለ ጊዜ፣ ድንኳኑ ሥር ከጎኗ ተቀምጬ ሳለ ነው የነገረችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ልጋርዳት ስሞክር በትከሻዬ በኩል ልጇን አይታታለች። ስክሪኑን ሞልታ ስትስቅ።

"መጀመሪያ ሌላ ነገር ይሆናል አልኩ" አለችኝ። "ስልኩን የሰካሁት ደውዬ ድምፅዋን ልሰማ ነበር። ሳታነሳልኝ ስትቀር ገባኝ። ሰው ያልሞተ ሰው ፎቶ ለምን በትልቁ ያወጣል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ገና አልተነገረኝማ። እናንተ ሳትነግሩኝ ልጄ ሥራ ላይ ነበረች። አንቺም ሥራ ላይ ናት ብለሽኛል።" እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ያ ሰውዬ ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ እኔ በሆዴ አይሠራለት እል ነበር። ያ ዕቃ ካልተነሳ ነገም አይመጣም መሰለኝ። እናንተ እንዲነሳ ትጸልያላችሁ፣ እኔ እንዳይነሳ እጸልያለሁ። እግዚአብሔርም ያን ቀን ግራ ገብቶት ይሆናል።"

እጇን ያዝኳት። ሰው እየመጣ ጎንበስ እያለ ያጽናናታል፣ እሷም "እግዚአብሔር ይስጥልን" ትላለች፣ ከዚያ ተመልሳ ፎቶውን ታያለች።

"ግን እንኳን ወጣ" አለች ብዙ ቆይታ። "ምን ይዤ እቀመጥ ነበር?"